ደም እስኪረጋ

መሣሪያው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ድምፁ የታነቀች ጫጩት ድምፅ ይመስላል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ከክብሪት ቀፎ በማትበልጠው መስታወቱ ላይ ያ የታወቀ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ስህተት፣ ቁጥር አራት።

ዶክተር ሸምሳ መሣሪያውን አንስታ በመስኮቱ ብትወረውረው ምን ያህል ርቆ እንደሚወድቅ ለአፍታ አሰበች። አጥሩን ያልፋል። ምናልባትም ከአጥሩ ማዶ ተሳፋሪ ከሚጠብቁት ባጃጆች የአንዱን ሸራ ይበሳል። ሐሳቡ ደስ አላት። ግን መሣሪያው ፈርማ የተረከበችው ነውና የደም ጠብታ የሚቀበለውን ቀጭን ቁራጭ፣ ስትሪፑን፣ ቀስ ብላ መዝዛ ከቀደሙት ሁለቱ ጎን አስቀመጠችው። በሦስቱም ስትሪፖች ጫፍ ላይ የአንዲት ውሻ ደም ነበር፤ ቀጭን፣ ፈዛዛ፣ ቀይነቱን የዘነጋ ደም።

ውሻዋ ሎሚ ትባላለች። በምርመራው ጠረጴዛ ላይ በጎኗ ተጋድማ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ምጡ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይዟት አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ አንድም ቡችላ አልወጣም። ራሷን በሁለት እጃቸው የያዙት ባለቤቷ፣ ጡረተኛው አስር አለቃ ተክሉ፣ ከጦር ካምፑ ጀርባ ካለው ሠፈር እስከ እንስሳት ክሊኒኩ ድረስ በእጅ ጋሪ እየገፉ ነው ያመጧት። አራት ባጃጅ አስቁመው አራቱም «ውሻ አንጭንም» ብለዋቸው ነበር።

«ምን አለ?» አሉ አስር አለቃ፣ ዐይናቸውን መሣሪያው ላይ ተክለው።

«ምንም አላለም።»

«ጮኸ እኮ!»

«ይጮኻል ጋሼ ተክሉ። ሥራው መጮህ ነው።»

ሥራው ግን መጮህ አልነበረም። ሥራው አንዲት ጠብታ ደም ተቀብሎ፣ ያ ደም በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ እዚያው በሽተኛው አጠገብ መናገር ነበር። የተሠራው ለሰው ነው። ለውሻ ይሆን እንደሆነ፣ በቆላ ሙቀትም ይሠራ እንደሆነ ተፈትኖ ይታወቅ ዘንድ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ወደ ነገሌ ተላከ። ሸምሳ ሥራውን በደስታ ነበር የተቀበለችው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጤነኛ የመሰላትን ውሻ ለቀላል ቀዶ ጥገና አጋድማ ከፍታው፣ ደሙ አልቆም ብሎ እጇ ላይ ሞቶባታል። ምላጩ አልሳተም፣ ክሩም አልላላም። የመዥገር በሽታ ተደብቆ ደሙን የማይረጋ አድርጎት ነበር፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ግን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ምርመራ ለእንስሳ የሚሠራ ላቦራቶሪ ከነገሌ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው፤ የሚፈስ ደም ደግሞ አውቶቡስ እስኪሞላ አይጠብቅም።

አርባ ውሾች ነበር የተባለችው። ከእያንዳንዱ ውሻ ደም ይቀዳል። ጠብታው ለመሣሪያው ይሰጣል፤ ቀሪው በባዶ የብርጭቆ ቱቦ ተደርጎ በጥንቱ ዘዴ በሰው ብብት ውስጥ እየሞቀ፣ በየግማሽ ደቂቃው ዘንበል እየተደረገ፣ እስኪረጋ ይጠበቃል። የጤነኛ ውሻ ደም ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ቱቦው ቢገለበጥ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሥራው በወረቀት ላይ ሲነበብ እንዲህ ቀላል ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ የሆነው ግን ሌላ ነው። ነገሌ ላይ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ካለፈ መሣሪያው «ሙቀት» ብሎ ይዘጋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ስታባብለው ትውላለች። መብራት ሲጠፋ ስትሪፖቹን በጀሪካን ውኃ መሐል ትደብቃቸዋለች። ወደራ ከተማ በሄደችበት ቀን ሰው ሁሉ «ውሻ ሊገድሉ መጡ» ብሎ ውሾቹን ይዞ ጫካ ገባ፤ ማታ ላይ አንዲት የታመመች አሮጊት ውሻ ብቻ፣ ያውም ባለቤቷ ቢገድሉለት ደስ የሚለው፣ ተገኘች። ደጋው ቦሬ ላይ ደግሞ ብርዱ ተስማምቶት መሣሪያው እንደ ሰዓት ሠራ፤ ዝናቡ ግን ውሾቹን ሁሉ ከየቤቱ አላስወጣ አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ሠላሳ ዘጠኝ ደርሳ ነበር። ሎሚ አርባኛዋ ናት። የውጤቱ ሠንጠረዥም ዛሬ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲስ አበባ መድረስ አለበት።

«አራተኛ እንሞክር» አለ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ፀጋአብ። ረጅም፣ ዝግተኛ፣ በምንም ነገር የማይናደድ ሰው ነው፤ ይህም በራሱ ሸምሳን የሚያናድዳት ጊዜ አለ።

የሎሚ የፊት እግር ደም ሥር ተኮማትሮ ጠፍቶ ነበር። መርፌዋን አስገብታ ፈለገች፣ መልሳ ሳበች፣ ወደ ጎን አዘንብላ እንደገና ፈለገች። በመጨረሻ ትንሽ ደም በግድ መጣ። ፀጋአብ አዲስ ስትሪፕ አቀረበ። መሣሪያው ዝም አለ። አሰበ። ከዚያ ሳይጮህ ቁጥር አወጣ።

«ደህና ነው!» አለ ፀጋአብ። «ደህና ነው ይላል! የጤነኛ ቁጥር ነው።»

አስር አለቃ ተክሉ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ ቅደጃት ዶክተር። ልጆቿ አለቁ።»

ሸምሳ ቀድሞ በቀዳችው ደም የሞላችውን የብርጭቆ ቱቦ ከብብቷ አወጣች። ሰዓቱን አየች፤ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ። ቱቦውን ዘንበል አደረገችው። ደሙ እንደ ሻይ ወረደ። መለሰችው፤ ተመልሶ ወረደ።

የሎሚን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን አየች። የነጣ ነው፤ በንጣቱም ላይ በመርፌ እንደተወጋ ያሉ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ቀደም ሲል ደም ከቀዳችበት ቦታ ላይ የጫነችው ጥጥ ርሶ በውሻዋ እግር ላይ ቀጭን መስመር እየሠራ ይወርዳል። ሁለት ምስክር ከፊቷ ቆሟል፤ አንዱ ያበደ ማሽን፣ አንዱ የብርጭቆ ቁራጭ። ማሽኑ ለምን «ደህና» እንዳለም ገባት። መርፌዋ ሥጋውን ስትቆፍር የቆሰለው ሥጋ ጭማቂ ከደሙ ጋር ተቀላቅሏል፤ እንዲህ የተቀላቀለ ጠብታ ደግሞ ውሻዋ ብትደማም ፈጥኖ ይረጋል። መሣሪያው የመሰከረው ለሎሚ አልነበረም፤ ለመርፌዋ አለመሳካት ነበር።

በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ደቻሳ ነበሩ፤ ድምፃቸው ሁልጊዜ ከጥሩ ወንበር ላይ የሚመጣ ይመስላል።

«ሸምሳ፣ አርባኛዋ ተገኘች?»

«ተገኘች። ሦስት ጊዜ ስህተት፣ በአራተኛው ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።»

«ቁጥር ከሰጠ ውጤት ነው። አራተኛውን ጻፊ።»

«የቱቦው ደም አሥራ ሰባት ደቂቃ ሆኖት አልረጋም።»

«ቱቦው የአያቶቻችን ዘዴ ነው።» ሳቅ አሉ። «ስሚኝ፣ ስህተት ውጤት አይደለም። መሣሪያው አላውቅም አለ ማለት ነው። ሰው አላውቅም ባለው ነገር አይከሰስም። ስህተቶቹን አውጥተሽ ቀሪውን ላኪልኝ። ነገ ጠዋት አቀርበዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሸምሳ መዝገቡን ስባ ገለጠች። ሦስት ወር የጻፈችው ነው፤ ነገር ግን እንዲህ አይታው አታውቅም። ከሠላሳ ዘጠኙ ውሾች ሰባቱ ላይ መሣሪያው ስህተት ብሏል። ጣቷን በየስማቸው ላይ አሳለፈች። የወደራዋ አሮጊት። አፍንጫዋ የሚደማው የካምፑ ውሻ። መዥገር የጨረሰው የአውቶቡስ ተራው። ሰባቱም ደማቸው የቀጠነ፣ ሰባቱም የታመሙ ነበሩ። ቀሪዎቹ ሠላሳ ሁለቱ ጤነኞች ናቸው፤ በእነሱ ላይ መሣሪያው ከቱቦው ጋር ልክክ ብሎ ተስማምቷል። ሰባቱ ከወጡ ወረቀቱ ያማረ ይሆናል። መሣሪያው ምርመራ በማያስፈልጋቸው ውሾች ላይ ድንቅ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ሲመጡ ይጮኻል።

«ሦስት ወር!» አለች ጮክ ብላ። «ሦስት ወር ሙሉ ጤነኛ ውሻ ጤነኛ መሆኑን ስናጣራ ነው የቆየነው።»

ፀጋአብ ትከሻውን ሰበቀ። «ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ቆይ።» ከመዥገር ሌላ ደምን እንዲህ የሚያቀጥን ነገር ትዝ አላትና ወደ አስር አለቃ ዞረች። «ጋሼ ተክሉ፣ ይህች ውሻ የት ነው የምትውለው?»

«ከኔው ጋር ነዋ። መጋዘን። ቀንም ሌትም።»

አስር አለቃ ተክሉ ከውትድርና ከወጡ ወዲህ የአንድ የእህል መጋዘን ጥበቃ ናቸው። የመጋዘኑ ባለቤት ዓብዱልሀኪም ይባላሉ፤ የሸምሳ አባት ወንድም።

«መጋዘኑ ውስጥ በዚህ ሳምንት የሞተ አይጥ አይተዋል?»

«ከመጋዘን የሰማሁትን ውጭ አላወራም» የሚል የወታደር ፊት አስር አለቃ ላይ መጣ። ከዚያ ሎሚ አቃሰተች፤ ያ ፊት ተበተነ።

«ሞልቷል። ጠዋት ጠዋት እየለቀምኩ እጥላለሁ። አንድ ሁለቱን እሷ ቀድማኝ በልታለች መሰለኝ። እኔማ የድመት ሥራ መስሎኝ…»

ሸምሳ የሚቀጥለውን አልሰማችም፤ ስልኳን እየነካካች ነበር።

«አካም ሸምሴ፣ ናጋ?» ብለው አጎቷ በኦሮምኛ ሰላም አሏት። ከኋላቸው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ናጋ አጎቴ። መጋዘኑ ውስጥ ለአይጥ ምን አደረጉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ውሻዋ ነገረችኝ። ደሟ አልረጋም። መርዝ የበላ አይጥ በልታለች።»

«ወላሂ፣ ለአይጥ ነው ያደረግሁት፣ ለውሻ አይደለም! በቆሎውን ጨረሱት እኮ። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ልላክባቸው?»

«የመርዙን ፓኬት ይዘው ይምጡ። ሻንቆንም ይዘው ይምጡ።»

«ሻንቆን?»

«ደሙን እፈልገዋለሁ።»

ሻንቆ የአጎቷ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ከካምፑ ውሾች የተዳቀለ፣ ጥቁር፣ ጥጃ የሚያህል። በመዝገቡ ላይ ቁጥር ዐሥራ አንድ ነው፤ ያኔ በሰንሰለት አጥር ላይ አጣብቀውላት ከኋላ እግሩ ስትቀዳው ደሙ በአምስት ደቂቃ ነው የረጋው። ሸምሳ ከሦስት ወር ልፋት ያገኘችው አንድ ጥቅም ቢኖር በዚህ ከተማ የማን ውሻ ደም ጥሩ እንደሆነ ማወቋ ነው።

«ሰሬ ለሰሬ ደም ይሰጣል?» አሉ አጎቷ፣ ውሻን በኦሮምኛው ጠርተው። «እንዲህ ያለ ነገር በኔ ቤት ይጀመር?»

«አጎቴ፣ ካልመጡ ይህቺ ውሻ ዛሬ ትሞታለች፤ አስር አለቃም እዚህ ቆመው እየሰሙን ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ይምጡ አይምጡ አላወቀችም። ለአራስ ሕፃናት የሚሰጠውን ደም የሚያረጋ መድኃኒት፣ ቫይታሚን ኬ፣ ከፋርማሲ ፀጋአብ ሮጦ አመጣ፤ «ለስንት ወር ሕፃን ነው?» ሲሉት «ገና አልተወለደም» ብሎ ነው የወጣው። ሸምሳ ሎሚን ወጋቻት። መድኃኒቱ ግን እስኪሠራ ሰዓታት ይፈልጋል፤ በሆዷ ያሉት ቡችሎች ሰዓታት የላቸውም። አሁን ብትከፍታት ትደማለች። ብትጠብቅ ቡችሎቹ ይሞታሉ፤ እነሱ ከሞቱ እሷም በመመረዝ ትከተላለች። የዚያ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተባት ውሻ ደም ምን ያህል ዝም ብሎ፣ ምን ያህል ያለ ችኮላ ይወርድ እንደነበረ ትዝ አላት።

ዓብዱልሀኪም ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጡ። ሻንቆ በሰንሰለት ታስሮ በእህል መጫኛው ፒክአፕ ኋላ ቆሟል፤ እሳቸው ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው በጥንቃቄ ወረዱ። ባዶውን የመርዝ ፓኬት በሁለት ጣት አንጠልጥለው ለሸምሳ ሰጡ። አነበበችው። ያው የፈራችው ነው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ።

አስር አለቃ ተክሉ ፓኬቱን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን እጅ አዩ።

«ዓብዱልሀኪም» አሉ፤ «ሐጂ» ወይም «ጌታዬ» ሳይሉ። «እኔ እነዚያን አይጦች በባዶ እጄ ነበር የምለቅመው።»

«ለጥቂት ቀን ነው ብዬ…»

«በዚሁ እጅ እንጀራ ቆርሼ እበላለሁ። በዚሁ እጅ ለልጅ ልጄ አጎርሳለሁ። አንድ ቃል፣ ‹ተክሉ፣ መርዝ አለ› የምትል አንድ ቃል፣ ከበደችዎት?»

ነጋዴው እንዲህ የተናገራቸው ጠባቂ አጋጥሟቸው የሚያውቅ አይመስልም። ሸምሳ የሁለቱንም ፊት ለማየት ጊዜ አልነበራትም።

«ጭቅጭቁ ይቆይ! አጎቴ፣ ሻንቆን ማንም አይነካውም፣ ያውቁታል። ራሱን ይያዙልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎን ብቻ ነው የሚሰማው።»

ዓብዱልሀኪም ሻንቆን ስድስት ዓመት አሳድገው በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ምግቡን በረጅም እንጨት ነው የሚገፉለት። ውሻ ለጥበቃ እንደተፈቀደ ያውቃሉ፤ ምራቁ ልብስ ላይ ካረፈ ግን ሰላታቸው አይያዝም። የሸምሳ እናት እንኳ ልጇን ማታ ማታ በር ላይ አስታጥባ፣ ልብሷን አስቀይራ ነው ወደ ቤት የምታስገባት። ሽማግሌው ሻንቆን አዩት፣ ሎሚን አዩዋት፣ አስር አለቃን ግን ማየት አልቻሉም። ከዚያ የጀለቢያቸውን እጅጌ እስከ ክርን ጠቀለሉ።

«ሰባት ጊዜ መታጠብ ነው» አሉ ለራሳቸው። «አንዱን በአፈር። ይሁን።»

የሻንቆን ትልቅ ራስ በደረታቸው አስጠግተው ያዙት። ውሻው መጀመሪያ ደነገጠ፤ የጌታውን እጅ የማያውቅ ውሻ ነውና። በኋላ እንደ ድንጋይ ጸጥ አለ። ሸምሳ የአንገቱን ጸጉር ላጭታ መርፌዋን አስገባች፤ አንዲት ባልደረባዋ የሰጠቻት ባዶ የደም ከረጢት ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ደሙ ወፍራም፣ የጠቆረ፣ ሙሉ ቀይ ነበር። ዓብዱልሀኪም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውሻው ሲያቃስት፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በጆሮው አንሾካሾኩለት።

የሎሚን ጠብታ ከሻንቆ ጠብታ ጋር በመስታወት ላይ ቀላቅላ ተጣልተው እንዳይጓጉሉ አየች፤ አልተጣሉም። ከረጢቱን በመስኮቱ ምስማር ላይ ሰቀሉት። መጀመሪያ በጠብታ፣ በኋላ ፈጠን አድርጋ ለቀቀችው። ግማሹ ሲገባ የሎሚ ድድ ጽጌረዳ ነገር መሰለ። ከኋላ እግሯ አዲስ ደም ቀዳች፤ ለቱቦው፣ ለመሣሪያውም አንድ ጠብታ።

መሣሪያው ሰባት ሰዓት ስለሆነ «ሙቀት» ብሎ ተዘጋ።

«ይጻፍ?» አለ ፀጋአብ።

«ጻፈው! እንደዘጋብን ጻፈው!»

ቱቦውን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ቆመች። አራት ደቂቃ፤ ይወርዳል። ስድስት፤ ይወርዳል፣ ግን ከቱቦው ግድግዳ ላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ ነገር ይቀራል። ስምንት። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ላይ ቱቦውን ገለበጠችው። ደሙ ከታች ተጣብቆ ቀረ። ሸምሳ እንደገና ገለበጠችው፤ ማመን ስላቃታት ለፀጋአብ ሰጥታ እሱም ገለበጠው።

«ምላጭ» አለች።

ከፈተቻት። ከቆዳው ጠርዝ ደም አዥ አለ፤ የቁስል ጨርቅ ጫነችበት፣ ቆጠረች፣ አነሳች። አዥ ማለቱ ቀንሷል፤ አልቆመም፣ ግን ቀንሷል። እንደ ወትሮው መሥራት አልቻለችም። በየአንዷ ክር መካከል ትጫናለች፣ ትጠብቃለች፣ ትረግማለች። መውጫው ላይ የተቀረቀረው ቡችላ ሞቶ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ሞቷል። ሦስተኛዋ እርጥብና ደካማ ሆና ወጣች፤ አስር አለቃ ተክሉ በጋቢያቸው ጫፍ እያሹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲሏት አፏን ከፈተች። አራተኛው ሳይታሽ ራሱ ጮኸ። ከመሣሪያው ጩኸት ጋር ያለው ልዩነት ሸምሳን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን አሳቃት።

የመጨረሻውን ክር ስትቋጥር ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ጓንቷን አውልቃ መዝገቡ ፊት ተቀመጠች። ሰባቱን ስህተቶች እንደነበሩ አስገባች፤ ከየአንዳንዳቸው ፊት የቱቦውን ደቂቃ ጻፈች። ለአርባኛዋ አምስቱንም ሙከራ አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ ሦስት ስህተት፣ አንድ የማይታመን ቁጥር፣ አንድ ሙቀት። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «መሣሪያው በጤነኞቹ ላይ ትክክል ነው። ደማቸው በቀጠነና በሚደሙ ውሾች ላይ አይመልስም፤ አንዴ ሲመልስም አሳስቷል። ምርመራው የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነበር።» ገጹን በስልኳ አንስታ ላከች።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጠራ።

«ይህ ምንድን ነው ሸምሳ?» የዶክተር ደቻሳ ወንበር አሁን የሚቆረቁር መሰለ። «ስህተቶቹን አውጪ አልኩሽ እኮ።»

«ስህተቶቹ ውጤቱ ናቸው።»

«በዚህ ላይ የአንድ ዓመት ልፋት አለ። ሁለተኛው ዙር በሙሉ በዚህ ይወሰናል። እንዲህ ካቀረብነው ያበቃል፣ ይገባሻል? ነገሌም ያበቃል።»

«ይገባኛል።»

«ስምሽን ከጥናቱ ሰርዤ እኔ ላስተካክለው እችላለሁ።»

ሸምሳ ዐይኗን ጨፈነች። ጀርባዋ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ይወጋታል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። «ስሜን መሰረዝ ይችላሉ» አለች። «መዝገቡ ግን እዚህ ነው። ውሾቹም እዚህ ናቸው። ማንም መጥቶ ሊጠይቃቸው…»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሳ ደወለች፤ አልሠራም አለ። እንደገና ደወለች። እንግዲህ እሳቸው ዘግተውባት ይሁን የነገሌ ኔትወርክ ዐመሉ ተነሥቶበት ይሁን፣ ማወቂያ አልነበራትም፤ ሁለቱም ያው ያበግናሉ። ስልኩን መዝገቡ ላይ ደፋችው።

«ዶክተር» አሉ አስር አለቃ ከውስጥ። «እስቲ ነይ።»

ሎሚ ከማደንዘዣው ገና አልነቃችም። ሁለቱ ቡችሎች ጡቷን አግኝተው ተጣብቀዋል። ዓብዱልሀኪም አልሄዱም ነበር፤ በር ላይ ካለችው ፕላስቲክ ወንበር ተነሥተው ገብተው ከጠረጴዛው ማዶ ቆመዋል፤ እጅጌያቸው አሁንም እንደተጠቀለለ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም። ሁለቱም አንድ ቦታ ያያሉ፤ በሎሚ ሆድ ላይ በተጠመጠመው ነጭ ፋሻ መካከል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቀይ ነጥብ ወጥታለች።

ሸምሳ እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣች። የነጥቧን ጠርዝ ተከትላ በፋሻው ላይ ክብ መስመር አሰመረች፤ ከአጠገቡም ሰዓቱን ጻፈች።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ዓብዱልሀኪም።

«ደሙ ከዚህ መስመር ካላለፈ ውስጡ ረግቷል ማለት ነው።»

«ካለፈስ?»

አስር አለቃ ተክሉ ከጠረጴዛው በዚህ በኩል ጎንበስ አሉ፤ ዓብዱልሀኪም በዚያ በኩል። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው።

«ተንቀሳቀሰ» አሉ ዓብዱልሀኪም በሹክሹክታ።

«አልተንቀሳቀሰም» አሉ አስር አለቃ።

ሸምሳ ሁለቱን በክርኗ ገፋ አድርጋ መሐላቸው ገባች፣ እሷም ጎንበስ አለች። ፋሻው እርጥብ ስለነበረ መስመሩ ጠርዙ ላይ መድበስበስ ጀምሮ ነበር። የተስፋፋው የእስክሪብቶው ቀለም ይሁን ደሙ ገና አይለይም። ትንፋሿን ይዛ ዐይኗን ሳትነቅል ጠበቀች።